ገጸ ባሕርዩን ትተው ጸሐፊውን ይከተሉ፦ ሱፐርሂሮ ኮሚክስ ለሚጀምር የንባብ ክበብ

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የ10ኛ ክፍል ልጆች ያሉበት ትንሽ የንባብ ክበብ አለን። ልጆቹ የማርቭልን ፊልሞች በስልክ እየተቀባበሉ አይተው ጨርሰዋቸዋል። መጽሐፍ ሲሰጣቸው ግን ሁለት ገጽ አይዘልቁም። ሱፐርሂሮ ኮሚክስ (የጀግኖች ታሪክ በሥዕል) ብሞክርስ ብዬ አሰብኩ። ግን መግቢያው ጠፋኝ፤ ስፓይደርማን ብቻውን በመቶ የሚቆጠር ቁጥር አለው። ከ1 ቁጥር መጀመር አለብን? ባልደረቦቼ ደግሞ ‹የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ድብድብ ነው የሚያስተምራቸው፤ ለጎጃም ገበሬ ልጅ የኒውዮርክ ሸረሪት ሰው ምን ያደርግለታል?› ይላሉ። ለማንበብ የሚያበቁት የትኞቹ ናቸው? ለምንስ?»

ምላሽ፦

ከ1 ቁጥር አይጀምሩ። ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1962 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ ስንት ጸሐፊ መጥቶ ሄዷል፤ ስንት ሠዓሊ ተቀያይሯል። ስፓይደርማን የሚሆነው ልጅ ፒተር ፓርከር ግን ዛሬም አላረጀም። ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ላንብብ ያለ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ ታሪኩን አይጨርስም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ይረዳዎታል፤ ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይነሳልና። በዚህ ሙያ ገጸ ባሕርዩ አብዛኛውን ጊዜ የአሳታሚው ኩባንያ ንብረት ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ፣ ክሊቭላንድ ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ለአሳታሚው ሸጡ። ኩባንያው ከበረበት፤ እነሱ ተቸገሩ። በ1975 መጨረሻ፣ ከስንት ክርክር በኋላ፣ ዓመታዊ ክፍያ ተቆረጠላቸው፤ ስማቸውም «ፈጣሪዎቹ» ተብሎ እንዲጻፍ ተፈቀደ። ይህ ታሪክ ሁሌም ያናድደኛል። ልጆቹም ቢያውቁት እወዳለሁ።

ገጸ ባሕርዩ የኩባንያ ገቢ ከሆነ እንዲያልቅ አይፈለግም። በ1992 ሱፐርማን ሞተ ተብሎ በየጋዜጣው ተወራ። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ሞትም ትዳርም አይጸናም። በየወሩ 20 ገጽ ገደማ ያላት ቀጭን መጽሔት ትወጣለች፤ የሚቀጥለውን ወር እንዲገዙ ነገሩን አንጠልጥላ ታቆማለች። ከሚወጣው ውስጥ ብዙው ገጽ መሙያ ነው። ጥሩው ግን በመካከሉ አለ። አንድ ጸሐፊና አንድ ሠዓሊ የሚሉት ነገር ኖሯቸው፣ ጀምረው የጨረሱት ሥራ ማለቴ ነው። እንዲህ ያሉት ታሪኮች በኋላ ተሰብስበው በአንድ ጥራዝ ይታተማሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ያንን ጥራዝ ነው።

ስለዚህ ገጸ ባሕርይ አይከተሉ፤ ጸሐፊና ሠዓሊ ይከተሉ። ልጆቹ «ባትማን ይምጣልን» ቢሉዎት «የማን ባትማን?» ብለው ይጠይቋቸው። አንዱ ባትማን የከተማውን ሙስና እየተከታተለ የሚጋለጥ፣ የሚቆስል፣ የሚሳሳት ሰው ነው። ሌላው ገጽ እስኪሞላ የሚደባደብ ጭንብል ነው። ሽፋናቸው ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው።

ፊልሙንም ከመጽሐፉ ይለዩት። ኮሚክሱ የፊልሙ ማጠቃለያ አይደለም። ፊልሙ ብዙ ጊዜ ከአሥር የተለያዩ ታሪኮች እየቆነጠረ የተሠራ ነው። ከሁሉ በላይ ፊልም በራሱ ፍጥነት ይነጉዳል። በኮሚክስ ግን ፍጥነቱ ያለው በአንባቢው እጅ ነው። አንዱ ሥዕል ላይ ደቂቃ ሙሉ መቆየት ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ልጆቹ ፊልሙን ማየታቸው አይጎዳም፤ ስሞቹን ስለሚያውቁ መግቢያው ይቀላቸዋል። «አይተነዋል» የሚለውን ግን አይቀበሏቸው።

አሁን ወደ ባልደረቦችዎ ልምጣ። «የሕፃን ጨዋታ ነው» የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1954 አገር ያመሰ ጉዳይ ነበር። ፍሬድሪክ ወርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጉዳዩ እስከ ሴኔት ደረሰ። አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይመጣባቸው ራሳቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ክፉው ሁልጊዜ መሸነፍ አለበት፤ ፖሊስና ዳኛ እንደ አጥፊ መታየት የለባቸውም። የሱፐርሂሮ ታሪክ ለብዙ ዓመት የልጅ ተረት መምሰሉ በአብዛኛው የዚህ ደንብ ውጤት ነው። በ1971 የማርቭል አሳታሚ ኩባንያ ጸሐፊ ስታን ሊ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳት የሚያስጠነቅቅ የስፓይደርማን ታሪክ ጻፈ። እንዲጽፈው የጠየቀው የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ነበር። ደንቡን የሚያስፈጽመው አካል ግን ዕፅ መነሳቱን ራሱን ስላልፈቀደ፣ ሽፋን ላይ የሚያርፈውን የማረጋገጫ ማኅተም ነፈገው። ማርቭል ያለ ማኅተም አወጣው። ደንቡም በዚያው ዓመት ላላ።

በተቃራኒው በኩልም ገደል አለ። በ1986 እና በ1987 አለን ሙር እና ዴቭ ጊበንስ «ዎችመን» የሚባል ባለ 12 ክፍል ሥራ አወጡ። ሙግቱ ከባድ ነው፤ ጭንብል አጥልቆ ሕግ ላስከብር የሚል ሰው በእውነተኛው ዓለም ቢኖር ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር? እርስዎ ራስዎ እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ። ለ10ኛ ክፍል ግን አይሆንም። አስገድዶ የመድፈር ሙከራ አለበት፤ ጭካኔው የበረታ ነው፤ እንግሊዝኛውም ይከብዳል። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ጭካኔውን ወርሰው ሐሳቡን ተዉት። ደም የበዛበት ሁሉ የበሰለ ሥራ አይደለም። ልጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ይሄኛውን ነው የሚፈልጉት። እጅ አይስጡ።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። ድብድቡን በሐሳብዎ ከታሪኩ ውስጥ ያውጡት። የሚቀር ነገር ካለ መጽሐፉ ለንባብ ይበቃል። ምንም ካልቀረ ባልደረቦችዎ ትክክል ናቸው፤ ይተዉት።

«ለጎጃም ገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሱፐርማን ራሱ የገበሬ ልጅ ነው። ከጠፋ ዓለም በሕፃንነቱ ተልኮ ካንሳስ የወደቀ ልጅ ነው፤ ያሳደጉት ባልና ሚስት አራሾች ናቸው። ሲያድግ ወደ ከተማ ገባ። ከተማ ውስጥ መነጽር አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንነቱን ሸሽጎ ይኖራል። ከተማሪዎችዎ ስንቱ ነው ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው? የገጠር አነጋገሩ እንዳይታወቅበት ክፍል ውስጥ ዝም የሚለው ስንቱ ነው? ይህን ልጅ ስለ ሱፐርማን ሲጠይቁት ስለ ጉልበቱ ብዙ አያወራዎትም። ስለ መነጽሩ ነው የሚያወራው።

ፒተር ፓርከርም እንደዚያው ነው። ወላጅ የለውም፤ አጎቱና አክስቱ ናቸው ያሳደጉት። አንድ ቀን ሌባ በአጠገቡ ሲሮጥ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ አሳለፈው። ያ ሌባ አጎቱን ገደለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቱ ሁሉ የዚያች ቅጽበት ዕዳ ነው። ገንዘብ የለውም፤ ፎቶ ለጋዜጣ እየሸጠ ነው የሚኖረው። ኪራይ፣ ፈተና፣ የአክስት መድኃኒት። ሰኞ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ሐሙስ ላይ እንጀራው የሻገተበት፣ የወር ኪራይ ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጣ ተማሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ቦታ ላሳይዎት። በስታን ሊ እና በሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ የተሠሩት፣ ከ31 እስከ 33 ያሉት የስፓይደርማን ቁጥሮች በ1965 ማብቂያ ላይ የወጡ ናቸው። አክስቱ ሞት አፋፍ ላይ ናት። ሊያድናት የሚችለው መድኃኒት ተገኝቷል፤ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እሱ ግን ከባድ የብረት ማሽን ተጭኖት ወድቋል። ከላይ ውኃ እየፈሰሰ ነው። እጁን ቢዘረጋ አይደርስም። ዲትኮ እዚህ ላይ የሠራውን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ሥዕሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ልጁ በየሳጥኑ ተጨፍልቋል። ሊያነሳ ይሞክራል፤ ይወድቃል። እንደገና ይሞክራል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሳጥኖቹ እየሰፉ ይመጣሉ። በመጨረሻ ማሽኑን ሲያነሳው አንድ ሥዕል ገጹን ሙሉ ይይዘዋል። ማንም «አሁን ተገላገለ» ብሎ አይነግርዎትም፤ ዓይንዎ ራሱ ይተነፍሳል። ሥዕልና ታሪክ አንድ ላይ ሲሠሩ እንዲህ ነው። ይህን በጽሑፍ ብቻ ማምጣት አይቻልም፤ በፊልምም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ክበብዎን በ1965 ስፓይደርማን እንዲጀምሩ አልመክርም። የዘመኑ አጻጻፍ ቃል ይበዛበታል፤ ሥዕሉ የሚናገረውን ጽሑፉ ይደግመዋል። እንግሊዝኛ ለሚታገል ልጅ አድካሚ ነው።

ልጆቹ የሚጀምሩበት መጽሐፍ «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» ነው። ጸሐፊው ጂን ሉዌን ያንግ ነው፤ የሣሉት ጉሪሂሩ የሚባሉ የጃፓን ሠዓሊዎች ናቸው። በ2019 እና በ2020 በሦስት ክፍል ወጥቶ በአንድ ጥራዝ ተሰብስቧል። ለታዳጊዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚህ በፊት ምንም ማንበብ አያስፈልግም፤ በዚህ ይጀምራል፣ በዚህ ያልቃል።

ታሪኩ በ1946 ነው። ሊ የሚባል የቻይና ተወላጅ ቤተሰብ ከቻይናውያን ሰፈር ወጥቶ ነጮች ወደሚበዙበት ሰፈር ይገባል። አባትየው በጤና መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቷል። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ቶሚ ተጫዋችና ቀልደኛ ነው፤ ቤዝቦል ላይ ጎበዝ ስለሆነ ወዲያው ወዳጅ ያፈራል። ሮበርታ ዓይን አፋር ናት፤ ሰው ሁሉ የሚያያት ይመስላታል። ክላን የሚባለው የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ቡድን ደጃፋቸው ላይ መስቀል ያቃጥላል። የሚያቃጥሉት ደግሞ ከሩቅ የመጡ አውሬዎች አይደሉም፤ የጎረቤት አጎት ነው፣ ልጁን ኮፍያ አልብሶ ይዞት የመጣ ዘመድ ነው። ቸክ የሚባለውን ይህን ልጅ በተለይ ይከታተሉት። በቶሚ ቀንቶ ነው የገባበት። ከገባ በኋላ መውጣት እንዴት እንደሚከብድ መጽሐፉ ሳይቸኩል ያሳያል። ክፍልዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያወያየው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሱፐርማኑስ? እዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ አይበርም። ይሮጣል፣ ይዘላል። ይህም የዘፈቀደ ነገር አይደለም፤ የ1938ቱ የመጀመሪያው ሱፐርማንም የሚዘል እንጂ የሚበር አልነበረም። ያንግ ይህን አሮጌ ዝርዝር አንስቶ ትርጉም ሰጠው። መብረር ይችላል፤ ግን ራሱን ይዟል። በልጅነቱ ኃይሉ ሲገለጥ ሰው ሲፈራው አይቷል። ስለዚህ እንደ ሰው የሚመስለውን ያህል ብቻ ያደርጋል። የማያውቀው ቋንቋ ጆሮው ላይ ይመጣበታል፤ የወላጆቹ ቋንቋ ነው፤ አይገባውም፤ ይሸሸዋል። ራሱን እየቀነሰ እንደሚኖር የምትደርስበት ሮበርታ ናት። እሷም ያንኑ ስለምታደርግ ታውቀዋለች።

እዚህ ደብረ ማርቆስ የማስተምራቸው የሥዕል ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ዝም የሚሉበት ቦታ ይሄ ነው። ከቋሪትም ይምጡ ከእነብሴ፣ ከተማ ሲገቡ ከራሳቸው ላይ የቀነሱት ነገር አለ። መጽሐፉ ስለ አሜሪካ ዘረኝነት ነው፤ ያንን አድበስብሰው «ስለ እኛ ነው» አይበሏቸው። የክላንን ታሪክ በትክክል ያስተምሯቸው። ወደ ራሳቸው የሚወስደውን መንገድ ልጆቹ ሳይነገራቸው ያገኙታል። መነሻው በ1946 የተላለፈ የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ ነው። ስለዚህና ስለ ራሱ ልጅነት ያንግ በመጽሐፉ መጨረሻ የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ ለእርስዎ ለማስተማሪያ ይጠቅማል።

ሁለተኛው «ሚስ ማርቭል» ነው፤ በ2014 የጀመረው፣ በጂ ዊሎ ዊልሰን የተጻፈውና በኤድሪያን አልፎና የተሣለው የመጀመሪያው ጥራዝ። ካማላ ካን 16 ዓመቷ ነው። ጀርሲ ሲቲ የምትኖር የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ፣ ሙስሊም ናት። ማታ እንዳትወጣ ተከልክላ ሾልካ ትወጣለች። ኃይል ታገኛለች፤ ሰውነቷን እንደፈለገች መለወጥ ትችላለች። መጀመሪያ የምትለወጠው ወደምታደንቃት ረጅም፣ ፀጉረ ወርቃማ ጀግና ነው። ከዚያ ፀጉሩ ፊቷ ላይ ይመጣባታል፤ ጫማው ይቆረቁራታል። የተመኘችው መልክ አልተመቻትም። ይህቺን ጥቂት ገጽ ለሴት ተማሪዎችዎ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ያንብቡላቸው። ቤተሰቧም እንደ እንቅፋት አልተሣለም፤ አባቷ ሲቆጣት ፍቅሩ ይታያል። እኛ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። መጽሐፉ በ2015 ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ሥራ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ከመጀመሪያው ጥራዝ በኋላ ያለው ከሌሎች ታሪኮች ጋር እየተጠላለፈ ይሄዳል፤ ለክበቡ አንዱ ይበቃል።

«ኦል ስታር ሱፐርማን» ለእርስዎና ለበሰሉት ልጆች ነው። ግራንት ሞሪሰን ጽፎት ፍራንክ ክዋይትሊ ከ2005 እስከ 2008 በ12 ክፍል የሣለው ነው። ሱፐርማን እንደሚሞት ያውቃል። በቀረችው ጊዜ ምን ያደርጋል? ነው ጥያቄው። በታሪኩ 10ኛ ቁጥር ውስጥ አንዲት ልጅ ከፎቅ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ልትዘል ነው። ከኋላዋ ያርፋል። የምትጠብቀው ሐኪም የቀረው ረስቷት ሳይሆን በእርግጥ መንገድ ላይ ተይዞ መሆኑን ይነግራታል። ከምታስቢው በላይ ጠንካራ ነሽ ይላታል። ታቅፈዋለች። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ቡጢ የለበትም። ይህን ገጽ ከልጆች ጋር የሚያነቡ ከሆነ ግን አስቀድመው ይዘጋጁበት። ራስን ስለ ማጥፋት ነውና ያልተናገረ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንብበው ወዲያው ወደ ሌላ አይለፉ፤ ቀርቶ ሊያናግርዎት ለሚፈልግ ልጅ ጊዜ ይተዉ።

እንግሊዝኛ ለሚፈራ ልጅ ደግሞ አንዲት ብልኃት አለች። ማት ፍራክሽን እና ዴቪድ አሃ የሠሩት «ሆክአይ» 11ኛ ቁጥር የሚነገረው በውሻ ዓይን ነው። ውሻው ከሰዎቹ ንግግር የሚገባው አንዳንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሌላው ለአንባቢውም አይነበብም። ሽታው ሁሉ በትንንሽ ምልክቶች ተሥሏል። እንግሊዝኛ የሚሰማው እየተቆራረጠ የሆነ ተማሪ እዚህ ከሁሉም እኩል ነው። ቀሪዎቹ ቁጥሮች ለአዋቂ ያደላሉ፤ ይህቺን ብቻ ነጥለው ይውሰዷት።

«ጥቁር አፍሪካዊ ጀግና እያለ ብላክ ፓንተርን ለምን አላነሳህም?» መባሌ አይቀርም። በ1966 በስታን ሊ እና በጃክ ከርቢ መፈጠሩ ትልቅ ነገር ነበር። ከተጻፉለት ጥሩ ሥራዎች ውስጥ በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት የጀመረውና በ2016 ታ ኔሂሲ ኮትስ የጀመረው ይጠቀሳሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ጊዜውን እያፈራረቀ ነው የሚተርከው፤ የሁለተኛው ፖለቲካ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለጀማሪ ሁለቱም አስቸጋሪ ናቸው። አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ የሚመረጥ መጽሐፍ ደግሞ ልጅን ከንባብ ያርቃል። ይልቅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣውን የብስራት ደበበን «ጀምበር» ይፈልጉ። በ2018 ነው የወጣው። ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ማስነበብ ለእንግሊዝኛ መምህር የተገኘ ዕድል ነው።

በሥዕል ታሪክ መንገር ከውጭ የመጣብን ነገር እንዳልሆነም ለባልደረቦችዎ ያስታውሷቸው። ዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ታሪክ ከታሪክ ተያይዞ ግድግዳውን ሞልቶታል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ ሲሣል ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፍሎ፣ እንደ ገጽ በተራ የሚነበብ ነው። በጥንቱ ሥዕል ደጋጎቹ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ልጆቹን «የኮሚክስ ሠዓሊው ክፉውን በምን አሳወቀህ?» ብለው ይጠይቋቸው። በብርሃን ነው? በቀለም? በሳጥኑ ቅርጽ? ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ሌላም የሚያከራክር ነገር አለ። የእኛ ጀግና ስሙን ይጠራል። ፎካሪ ተነስቶ አባቱን፣ አገሩን፣ የፈረሱን ስም ይቆጥራል። በላይ ዘለቀን «አባ ኮስትር» እያለ ያላወደሰ የጎጃም አዝማሪ የለም። የነሱ ጀግና ግን ስሙን ይደብቃል። ለምን? አንዱ ልጅ «ቤተሰቡን እንዳይነኩበት» ይላል። ሌላዋ «ምስጋና ስለማይፈልግ» ትላለች። መልሱ አንድ አይደለም፤ ሁለቱ ዓይነት ጀግንነት የሚከፍሉት ዋጋ የተለያየ ነው። ታሪክ ለሚወዱት ደግሞ ይህን ይንገሯቸው። ካፒቴን አሜሪካ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ የሚታይበት የመጀመሪያ ቁጥር፣ የጆ ሳይመንና የጃክ ከርቢ ሥራ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈበት ወር መጋቢት 1941 ነው። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር። በዚያው ሰሞን የጎጃም አርበኞች ጣልያንን ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ እያስወጡ ነበር።

ጥንቃቄዎቹን ላንሳ። ኮሚክስ የፈተና ውጤት ያሳድጋል ብለው ለርእሰ መምህሩ ቃል አይግቡ። ብዙው ንግግር የመንገድ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም በትልልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ የአጻጻፍ ሥርዓት አያስተምርም። የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ልጁ መጽሐፍ ከፍቶ እስከ መጨረሻው መሄድን ይለምዳል። በ1940ዎቹ የወጡ፣ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ኮሚክሶች በነፃ ይገኛሉ። ነፃ ናቸው ብለው ሳያዩ አያድሏቸው፤ ጥቁሮችና እስያውያን በአስቀያሚ ሁኔታ የተሣሉባቸው ብዙ ናቸው። በቴሌግራም የሚዘዋወሩትንም አይመኑ። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ከመሆኑ በላይ ገጹ የተዘበራረቀና የጎደለ ነው፤ ለአዋቂ የተሠራው ከልጆቹ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የማርቭል የደንበኝነት መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ ክፍያው ግን ከውጭ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ስልክ ላይ ማንበብም ገጹን ይቆራርጠዋል። ከላይ የነገርኩዎት የዲትኮ ገጾች በትንሽ ስክሪን ላይ ምንም አይሉም፤ የሳጥኑ ማነስና መስፋት አይታይማ።

ስለዚህ የታተመውን ይፈልጉ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ወላጅ ወይም የድሮ ተማሪ አይጠፋም። «ኮሚክስ ላክልኝ» አይበሉ፤ ያገኘውን ይልክልዎታል። ስሙን፣ የጸሐፊውን ስም፣ «የተሰበሰበው ጥራዝ» መሆኑን ጽፈው ይላኩለት። የሚመጣው ሁለት መጽሐፍ ብቻ ከሆነ አንድ አንድ አያድርጉት፤ ሁለቱንም «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» ያድርጓቸው። በአንድ ቅጂ ከአራት ልጅ በላይ አያስቀምጡ። መጀመሪያ ቃሉን ሳያነቡ ሥዕሉን ብቻ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ያገላብጡ፤ ምን እንደሆነ በአማርኛ ይተርኩ። ከዚያ ተመልሰው ንግግሩን ያንብቡ። የተረኩትና የተጻፈው የማይገጥምበት ቦታ ይኖራል። ውይይቱን ከዚያ ይጀምሩ። ሦስቱን ክፍል በሦስት ሳምንት ይጨርሱና ወደ «ሚስ ማርቭል» ይለፉ።